በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ በምጥ መውለድ፦ የሚረዳዎትን ሰውና ቦታ አስቀድሞ መፈለግ

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልደው አሁን ላረገዙ ወይም ለማርገዝ ላሰቡ እናቶች፣ ለባሎቻቸው፣ ለእናቶቻቸውና ለአማቶቻቸው፣ እንዲሁም በየብሎኩ እየዞሩ ለሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። በክትትል ቀን ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ። ይህንን በምጥ መውለድ እችላለሁ?»

አጭሩ መልስ፣ ብዙ እናቶች ይችላሉ የሚል ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ አይደለም፤ ያለ ዝግጅትም አይደለም።

እዚህ ካኩማ ሁለት ዓይነት እናቶች ያጋጥሙናል። አንደኛዋ «አንዴ ተቆርጫለሁ፣ ከእንግዲህ ሁልጊዜም መቆረጥ ነው» ብላ ምንም ሳትጠይቅ ትቀራለች። ሁለተኛዋ ደግሞ ቢላዋውን በመፍራት ክትትሏን ታቋርጣለች። ምጥ ሲይዛት ለማንም ሳትናገር ቤቷ ትቆያለች። ሐሳቧ ሆስፒታል ስትደርስ የሕፃኑ ጭንቅላት ደርሶ ለኦፕራሲዮን ጊዜ እንዳይኖር ነው። እንቅልፍ የምትነሳን ይህቺ ሁለተኛዋ እናት ናት። የዚህ ትምህርት ዓላማ ከሁለቱ መንገዶች የተሻለ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማሳየት ነው፤ እርሱም አስቀድሞ መጠየቅ፣ አስቀድሞ መወሰን፣ በጊዜ መድረስ ነው።

1. ጠባሳው ለምን ያሳስባል?

በኦፕራሲዮን ሲወልዱ የሚቆረጠው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ማህፀንም ይቆረጣል። ማህፀን ጡንቻ ነው። የተቆረጠው ቦታ ተሰፍቶ ይድናል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። በሚቀጥለው ምጥ ማህፀኑ በኃይል ሲኮማተር ያ ጠባሳ አልፎ አልፎ ሊተረተር ይችላል። ማህፀን ከተተረተረ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፣ ሕፃኑም በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያገኘው አየር ይቋረጣል። በዚያን ጊዜ እናትንና ሕፃንን ማዳን የሚቻለው በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከዚያ በኋላም በኦፕራሲዮን ትወልዳለች የሚል ሐሳብ ተናግሮ ነበር። በእርሱ ዘመን ማህፀን የሚቆረጠው በላይኛው ክፍል፣ ከላይ ወደ ታች ነበር። ይህ ዓይነቱ ጠባሳ በምጥ ጊዜ በቀላሉ ይተረተራል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ግን ማህፀንን በታችኛው ክፍል አግድም መቁረጥ እየተለመደ መጣ። አግድሙ ጠባሳ ከቀድሞው ይልቅ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980፣ ኋላም በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠሩ የባለሙያ ጉባኤዎች ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ መውለድ ለብዙ እናቶች ተገቢ ምርጫ መሆኑን ገልጸዋል። ስለዚህ «አንዴ ከተቆረጡ ሁልጊዜ» የሚለው አባባል ዛሬ ለሁሉም እናት የሚሠራ ሕግ አይደለም።

2. ዕድሉና አደጋው በቁጥር

ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ብቻ በአግድም ተቆርጠው ከወለዱና ምጥ ከሞከሩ 100 እናቶች መካከል ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ከዚህ በፊት ቢያንስ አንድ ልጅ በምጥ የወለዱ ከሆነ ዕድሉ የበለጠ ከፍ ይላል፤ ከ100 ውስጥ ከ85 እስከ 90 ይደርሳል። ማህፀን የሚተረተረው ደግሞ ከ200 እናቶች በ1 ላይ ያህል ነው።

ከ200 አንድ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ምጡ ኦፕራሲዮን ክፍል ባለው ሆስፒታል፣ በአዋላጅ ዓይን ሥር ሲካሄድ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቤት ውስጥ ለሚካሄድ ምጥ አይሠሩም። ሆስፒታል ውስጥ የምትገኘው አንዷ እናት ልትድን ትችላለች። ቤቷ የቀረችው ግን መኪና እስኪመጣ ደሟ ያልቃል።

ኦፕራሲዮን መድገምም የራሱ ዋጋ አለው። ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ሊያስከትል ይችላል፣ ለማገገምም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ ኑሮ ደግሞ ተቆርጣ የወጣች እናት ውኃ በጀሪካን መሸከም፣ እንጨት መልቀም፣ ራሽን ለመቀበል መሰለፍ ይጠብቃታል። ኦፕራሲዮኑ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረት አደጋው ይጨምራል፤ ይህም ከባድ ደም መፍሰስ ያመጣል። ሦስትና አራት ልጅ ለምትመኝ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

3. ማን መሞከር ይችላል? ማንስ የለበትም?

በአብዛኛው መሞከር የሚችሉት፦
• አንድ ጊዜ ብቻ፣ በታችኛው የማህፀን ክፍል አግድም የተቆረጡ፤
• የአሁኑ ጽንስ አንድ ሆኖ በጭንቅላቱ የመጣላቸው፤
• የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ምክንያት የማይደጋገም የሆነ፤ ለምሳሌ ሕፃኑ በመቀመጫው ስለመጣ ወይም የልቡ ምት ስለተዛባ የተሠራላቸው።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የተሠራው ምጡ ረዝሞ አልገፋ ስላለ ከሆነ ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ሐኪም አይቶ ይወስናል።

ምጥ መሞከር የሌለባቸው፦
• ማህፀናቸው ከላይ ወደ ታች የተቆረጠ፤
• ከዚህ በፊት ማህፀናቸው ተተርትሮ የነበረ፤
• እንግዴ ልጁ የማህፀንን አፍ የሸፈነባቸው፤
• ሕፃኑ አግድም የተጋደመባቸው።

ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተቆረጡ እናቶች ከፍተኛ ሐኪም ሳያያቸው ምንም ዓይነት ውሳኔ እንዳያደርጉ። የመጨረሻው ልጅ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ያረገዙ እናቶችም ይህንን ይናገሩ፤ በሁለቱ ልደቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ18 ወር በታች ሲሆን ጠባሳው የመተርተሩ አደጋ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ልደት በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ይመክራል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ምጥ መዘጋጀት የሚጀምረው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው ማለት ይቻላል።

4. ወረቀትዎን ይፈልጉ

ብዙ እናቶች ሆዳቸውን ገልጠው «ጠባሳዬ ይኸው፣ አግድም ነው» ይሉናል። የቆዳው ጠባሳ ግን የማህፀኑን አይናገርም። ቆዳው አግድም ተቆርጦ ማህፀኑ ከላይ ወደ ታች የተቆረጠባት እናት ልትኖር ትችላለች። እውነቱን የሚናገረው ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎት ወረቀት ወይም የኦፕራሲዮኑ መዝገብ ነው።

ወረቀቱ በእጅዎ ካለ በላስቲክ ጠቅልለው ከእናትና ሕፃን መከታተያ ደብተርዎ ጋር ያስቀምጡ። ከጠፋና የወለዱት እዚሁ ከሆነ በመጀመሪያው ክትትል ቀን መዝገቡ እንዲፈለግልዎት ይጠይቁ። የወለዱት በአገር ቤት ወይም በጉዞ ላይ ሆኖ ወረቀቱ ከቀረ ደግሞ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይንገሩ፦ በስንተኛው ወር ነበር? ምጥ ይዞዎት ነበር? ስንት ሰዓት አማጡ? ለምን እንደተቆረጡ ምን ተባሉ? ደም ተሰጥቶዎታል? ከዚያ በኋላ ትኩሳት ነበረዎት? «ለሚቀጥለው በምጥ እንዳትወልጂ» ያለዎት ሐኪም ነበር? እነዚህ መልሶች ለሐኪሙ ከባዶ ወረቀት ይሻላሉ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ሳይፈሩ ይናገሩ። በልጅነትዎ የተገረዙና የተሰፉ ከሆነ ለአዋላጇ አስቀድመው ይንገሯት። ስፌቱን በእርግዝና ወይም በምጥ ጊዜ በጥንቃቄ መክፈት ይቻላል። ካልታወቀ ግን ምጡን ሊያራዝምና ሊያስቀድድ ይችላል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በየዕለቱ የምናየው ነው።

5. ደጋፊ ሕክምና ማለት ምን ማለት ነው?

ደጋፊ ማለት የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» የሚልዎት ሰው ማለት አይደለም። ዕድልዎንና አደጋዎን እኩል የሚነግርዎት፣ ምጥዎን ከጎንዎ ሆኖ የሚከታተል፣ ችግር ሲመጣም ሳይዘገይ ወደ ኦፕራሲዮን የሚያስገባዎት ነው። እንዲህ ያለ ሰውና ቦታ መኖሩን ለማወቅ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ይጠይቁ።

አንደኛ፦ «እዚህ ምጥ እንድሞክር ትቀበሉኛላችሁ? ውሳኔውንስ በደብተሬ ላይ ትጽፉልኛላችሁ?» በቃል የተሰጠ ተስፋ ተረኛው ሲቀየር ይረሳል።

ሁለተኛ፦ «ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪምና የማደንዘዣ ባለሙያ በሌሊትና በእረፍት ቀንም አሉ?» ምጥ ቀን አይመርጥም።

ሦስተኛ፦ «አስቸኳይ ከሆነ ከውሳኔው እስከ ኦፕራሲዮኑ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?»

አራተኛ፦ «የደም ዓይነቴ ምንድን ነው? የሚሆነኝ ደም አለ?»

አምስተኛ፦ «የሕፃኑን የልብ ምት በየስንት ጊዜ ታዳምጣላችሁ?» የዓለም ጤና ድርጅት ምጡ ከጠና በኋላ በየ15 እና 30 ደቂቃው መካከል፣ መግፋት ሲጀመር ደግሞ በየ5 ደቂቃው እንዲደመጥ ይመክራል። ጠባሳ ላላት እናት ከዚህ ማነስ የለበትም።

ስድስተኛ፦ «ምጥ የሚያስጀምር ወይም የሚያፋጥን መድኃኒት ትሰጡኛላችሁ?» ሚሶፕሮስቶል የተባለው እንክብል ማህፀኗ ላይ ጠባሳ ላለባት እናት ምጥ ለማስጀመር መሰጠት የለበትም። በግሉኮስ የሚንጠባጠበው ኦክሲቶሲንም ቢሆን በሐኪም ውሳኔና በቅርብ ክትትል ብቻ ነው።

ሰባተኛ፦ «አብሮኝ የሚሆን ሰው መግባት ይችላል? ቋንቋዬን የሚያውቅ አስተርጓሚስ?» እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እያንዳንዷ እናት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ መንቀሳቀስና የሚመቻትን አቀማመጥ መምረጥ እንድትችል፣ በአክብሮትም እንድትስተናገድ ይመክራል። ይህ ልመና አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

በካምፑ ያለው የባለሙያና የመድኃኒት ሁኔታ በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ጎረቤትዎ ባለፈው ዓመት ያገኘችውን መልስ አይያዙ። ራስዎ ይጠይቁ፤ በስምንተኛው ወርም ደግመው ይጠይቁ።

6. «አይቻልም» ቢባሉስ?

«አይቻልም» የሚለው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ቤትዎ አይመለሱ። «እሺ፣ ምክንያቱን ያስረዱኝ» ማለት ንቀት አይደለም።

ምክንያቱ የእርስዎ ሰውነት ከሆነ፣ ማለትም ጠባሳው ከላይ ወደ ታች ከሆነ ወይም እንግዴ ልጁ መንገድ ላይ ካለ፣ ምክሩን ይቀበሉ። እዚህ ላይ መከራከር ሕይወት ያሳጣል።

ምክንያቱ ቦታው ከሆነ፣ ማለትም ሌሊት ሐኪም ወይም ደም ከሌለ፣ «ታዲያ የት ልሂድ?» ብለው ይጠይቁ። ከካኩማ እስከ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን መንገድ ምጥ ከያዘዎት በኋላ አይጀምሩት። ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላኩ ከሆነ የመላኪያ ወረቀቱ፣ የጉዞ ፈቃዱና የሚያርፉበት ቦታ ቀኑ ሳይደርስ ማለቅ አለባቸው። ይህ ካልተቻለ በቀጠሮ በጊዜው የሚሠራ ኦፕራሲዮን ክትትል ከሌለው ምጥ ይሻላል። ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ በ39ኛው ሳምንት አካባቢ ነው።

ምክንያቱ ልማድ ከሆነ፣ «እዚህ የተቆረጠች ሁሉ ትቆረጣለች» ብቻ ከተባሉ፣ በትሕትና ከፍተኛ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ። ወረቀትዎን ይዘው፣ ባለቤትዎን ወይም የብሎክዎን በጎ ፈቃደኛ አስከትለው ይሂዱ። ብቻውን የሄደ ሰው በቶሎ ይመለሳል።

ከሦስቱ በየትኛውም ግን ክትትል ማቋረጥና ቤት መቅረት መልስ አይሆንም።

7. ቤተሰብ አስቀድሞ የሚነጋገርባቸው ነገሮች

• የኦፕራሲዮን ስምምነት፦ የእናቲቱ ፈቃድ ቀዳሚ ነው። ባል ወይም ሽማግሌ እስኪገኝ ተብሎ የጠፋ ሰዓት አይመለስም። «ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ እፈርማለሁ» የሚለው ንግግር በቤት ውስጥ፣ ከምጥ በፊት ይለቅ።
• ደም፦ ደማቸው የሚስማማ፣ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ይታወቁ።
• ደም ማነስ፦ ሄሞግሎቢንዎ ከ11 በታች ከሆነ የብረት እንክብሉን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ደም ያነሳት እናት ትንሽ ደም መፍሰስም ይጎዳታል።
• መጓጓዣ፦ የአምቡላንሱ ስልክ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ዝናብ ሲጥል ላጋው ሞልቶ መንገድ ይቆርጣል፤ ቦዳቦዳም አያልፍም። ታራች ወንዝ ከሆስፒታሉ የሚለይዎት ከሆነ ወሩ ሲገባ ወደ ሆስፒታሉ አቅራቢያ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ይዛወሩ።
• ልጆች፦ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ራሽኑንም ማን እንደሚቀበል ይወሰን።

8. ምጥ ሲጀምር

ምጡ እንደጀመረ፣ ሳይጠና ይነሱ። የሽርት ውኃ ከፈሰሰም ምጥ ባይኖር ይሂዱ። በር ላይ ለተቀበለዎት ሰው የመጀመሪያው ቃልዎ «ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ» የሚል ይሁን፤ ወረቀቱንም ይስጡ።

ምጥ ያፋጥናል የሚባል ቅጠልና ሥር አይጠጡ። ሆድዎን ማንም እንዲያሽ ወይም ከላይ እንዲጫን አይፍቀዱ፤ ጠባሳውን ሊተረትረው ይችላል።

ቤትም ሆነ ሆስፒታል ሆነው ከእነዚህ አንዱን ካዩ ወዲያውኑ ይናገሩ፦
• በምጥና በምጥ መካከል የማይለቅ የሆድ ሕመም፤
• በጠባሳው ላይ የሚሰማ የተለየ ሕመም፤
• ከብልት የሚወጣ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት፤
• ጠንቶ የነበረ ምጥ በድንገት ቀጥ ማለት፤
• የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መጥፋት፤
• ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን።

ምጥ ተሞክሮ በኦፕራሲዮን ቢያልቅ እናቲቱ አልተሸነፈችም፤ አዋላጆቹም አላታለሏትም። ሆስፒታል ውስጥ መሞከር የተፈለገው ለዚሁ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለውም ገንፎው የሚገነፋውም ለሁለቱም እናቶች እኩል ነው።

9. ለበጎ ፈቃደኞች

በብሎካችሁ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለዱ ነፍሰ ጡሮችን ለይታችሁ እወቁ። ወረቀታቸው መኖሩን፣ ሰባቱን ጥያቄዎች መጠየቃቸውን፣ የመውለጃ ቦታቸው በደብተሩ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ክትትል ያቋረጠችውን እናት አትቆጧት፤ የፈራችው ምን እንደሆነ ጠይቋት። ምሥጢሯንም ጠብቁ።

ብዙ ጊዜ ውሳኔው ያለው በአማት ወይም በእናት እጅ ነው። እነርሱን በአክብሮት አነጋግሩ። ለምሳሌ፦

«እማማ፣ እርስዎ ስድስት ወልደዋል፤ ምጥን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የእርስዎ ማህፀን ግን ስፌት አልነበረበትም። የልጅዎ ስፌት አለበት። በምጥ እንድትወልድ እኛም እንፈልጋለን። ቢተረተር ግን እርስዎም እኔም እዚህ ምንም ማድረግ አንችልም። ሆስፒታል አብረዋት ይግቡ፣ እጇን ይያዙላት።»

እማማ የሆነ ሥራ ሲሰጣቸው ይነሳሉ። «ቤት ውስጥ ማዋለድ ክልክል ነው» ብቻ ከተባሉ ግን በሩን ይዘጋሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቆዳው ጠባሳ አግድም መሆኑ ለምን በቂ ማስረጃ አይሆንም?
2. አንዲት እናት «ሆስፒታል ከሄድኩ ይቆርጡኛል፣ ስለዚህ ዘግይቼ እደርሳለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?
3. «አይቻልም» የሚለው መልስ ሦስት ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዳቸው ምን ይደረጋል?
4. ከብሎካችሁ እስከ ሆስፒታሉ በሌሊት፣ ዝናብ እየጣለ፣ በምን ትደርሳላችሁ? ዛሬ ማታ ምጥ ለሚይዛት እናት መልሱ ዝግጁ ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ በቃል ብቻ አትመልሱት። መንገዱን ሄዳችሁ እዩት፤ ስልኩንም ደውላችሁ ሞክሩት።